የዓሣ ዱቄቱን ከመኖው ያወጣሁት እኔ ነኝ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ዶሮዎቻችሁስ እንዴት ናቸው?

ባለፉት ሦስት ሳምንታት ስልኬ አላረፈም። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የተጻፈውንም አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ። «መኖው ሽታው ጠፋ» ያላችሁ አላችሁ። «ቀለሙ ነጣ» ያላችሁ አላችሁ። አንድ የድሮ ደንበኛችን ደግሞ «የዓሣ ዱቄቱን አውጥቶ፣ በዚያው ዋጋ ባዶ በቆሎ ይሸጥልናል» ብሎ ጽፏል። ይቺ ቃል ልቤን ሰብራዋለች። አሥራ አንድ ዓመት እንጀራ የበላሁት በእናንተ ነው። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ አልነገርኳችሁም። አሮጌውን መኖ ከአዲሱ እያቀላቀልኩ ለሁለት ሳምንት ባለማምድላችሁ ኖሮ ዶሮዎቻችሁ እንቁላል ባልቀነሱ ነበር። ዶሮ ድንገተኛ ለውጥ እንደማትወድ ለእናንተ ሳስረዳ የኖርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ውሳኔው ግን ስህተት ነው ብዬ አላምንም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ይህን ቤት የጀመርኩት በአንድ ወፍጮና በአንድ አካፋ ነው። ከምሠራበት የዶሮ እርባታ ተቀንሼ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። በቆሎውን እኔ እፈጫለሁ። ባለቤቴ ሲሚንቶው ወለል ላይ ፋጉሎውን፣ ፉርሽካውንና ኖራውን በአካፋ ታገላብጣለች። መጀመሪያ የገዙን እናት 50 ዶሮ ነበራቸው። ግማሽ ኩንታል በዱቤ ወሰዱ፤ በሳምንቱ ብሩን ከአሥር እንቁላል ጋር ይዘው መጡ። እንቁላሉ ምርቃት ነበር። ዛሬም ደንበኛችን ናቸው።

ስማችን የተነሣው በዓሣ ዱቄት እንደሆነ አልክድም። ብዙው ሰው በኑግ ፋጉሎ ብቻ ሲሠራ እኔ በኩንታል 3 ኪሎ የዓሣ ዱቄት እጨምር ነበር። ከረጢቱ ሲፈታ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። የሰፈሩ ድመት ሁሉ በር ላይ ይሰለፋል። ደንበኛ ሲመጣ እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ያሸትና «አዎ፣ ይኼ ነው» ይላል። ስለዚህ ሽታው ሲጠፋ ለምን እንደደነገጣችሁ ይገባኛል።

ለመሆኑ ያ ዱቄት ከምን ነበር የሚሠራው? እኔም ብዙ ዓመት አልጠየቅሁም። ከረጢቱ ላይ «ፔሩ» ይላል፤ ፕሮቲን 65 ከመቶ ይላል፤ በቃኝ። የነገረኝ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት የተማረው የእህቴ ልጅ ነው። ዓሣዋ አንቾቬታ ትባላለች። ርዝመቷ ከስንዝር አይበልጥም። በፔሩ ጠረፍ ሃምቦልት የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ከሥር ምግብ ይዞ ይወጣል፤ እሷም በዚያ የሚባዙትን ደቃቅ ፍጥረታት እየበላች ትኖራለች። ከአንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ ይህን ያህል የሚጠመድበት ሌላ ባሕር ዓለም ላይ የለም። እሷን ደግሞ ሰው እምብዛም አይበላትም። አብዛኛዋ ተቀቅላ፣ ተጨምቃ፣ ደርቃ ትፈጫለች። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዓሣ ይሄዳል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እኔ በአንድ ኩንታል መኖ ውስጥ የምጨምረው 3 ኪሎ አንድ ሺህ ገደማ ዓሣ ነበር።

እነዚህ ዓሦች ደግሞ እንደ በሬና እንደ በግ ተቆጥረው የሚያድሩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1970 ፔሩ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አጠመደች። በ1972 ኤል ኒኞ መጣ፤ ባሕሩ ሞቀ። በ1973 የተጠመደው 2 ሚሊዮን ቶን እንኳ አልሞላም። ስሙን ያወጡት የዚያው አገር ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ሙቀቱ በገና ሰሞን ስለሚመጣ «ሕፃኑ» አሉት፣ ሕፃኑን ክርስቶስን ማለታቸው ነው። ዓሣው የጠፋበት ያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1965 ነው። አባቴ ወሎ ነው ያደገው። ስለ ስልሳ አምስቱ ረሃብ ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል። ኤል ኒኞ ሲነሣ የእኛ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። በ2007 ክረምትም አይተነዋል። እዚያ ማዶ ዓሣው ሲጠፋ እዚህ በቆሎው ይጠፋል ማለት ነው። ሁለቱም እኔ መጋዘን ውስጥ ይገናኛሉ። ይህን ሳውቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ፔሩዎች ብልህ ሆነዋል። ኢማርፔ የሚባል የባሕር ምርምር ተቋም አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ያለ ነው። ማስገሪያው ወቅት ከመከፈቱ በፊት የምርምር መርከቦቹ ይወጣሉ። ወደ ታች ድምፅ ይለቃሉ፤ ድምፁ ከዓሣው መንጋ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ምን ያህል ዓሣ እንዳለ ይገምታሉ። ከዚያ መረብ ጥለው የወጣውን ማስመሪያ ላይ እያጋደሙ ይለካሉ። ከ12 ሴንቲ ሜትር ያነሰች ጨቅላ ናት። ጨቅላ ከበዛ ይዘጋል። እኔ ጫጩትና ቄብ ለይቼ ስለማድር ይህ አሠራር ወዲያው ገባኝ። ቄቦችህን አርደህ እንቁላል አትጠብቅም።

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ገደማ የሆነው ይህ ነው። መርከቦቹ ለሙከራ ወጡ። በጥቂት ቀን ውስጥ መረቡን ጨቅላ ሞላው። የዓመቱ የመጀመሪያ ወቅት እንዳለ ተሰረዘ። የዓሣ ዱቄት ዋጋ ዓለም ላይ ጣራ ነካ። እናንተ ያኔ አልሰማችሁም። እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። አራት ወር ሙሉ በእያንዳንዱ ኩንታል እየከሰርኩ በድሮው ዋጋ ሸጥኩላችሁ። ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ሳላወራ የቻልኩት ስለነበረ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሆነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የዓሣ ዱቄት በዶላር ነው የሚመጣው። ዋጋው በዶላር ባይነቃነቅ እንኳ በብር እጥፍ ሊሆን ነው። ለዶሮ እርባታ ከሚወጣው ገንዘብ ከ60 እስከ 70 ከመቶው መኖ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ያን ሁሉ እናንተ ላይ ልጭን አልቻልኩም።

ያን ጊዜ አንድ ነጋዴ በርካሽ አመጣልኝ። ወረቀቱ ላይ 65 ከመቶ ይላል። ጭብጥ አድርጌ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። አሸዋው ወዲያው ከታች ተቀመጠ። ውሃውን ስቀምሰው ጨው ነው። ላቦራቶሪ ላክሁት፤ ዩሪያ ተገኘበት። ላቦራቶሪ ፕሮቲን የሚለካው ናይትሮጅን ቆጥሮ ነው፤ ዩሪያ ማዳበሪያ ደግሞ ናይትሮጅን አለው። ስለዚህ አሸዋ የበዛበት ዱቄት ላይ ዩሪያ ጨምረህ 65 ማስነበብ ትችላለህ። ሽታውም ያው ነው! እዚያ ላይ ሽታን ማመን አቆምኩ። ሰውዬውንም ጭነቱን ይዞ እንዲሄድ ነገርኩት።

ቀጥሎ የመጣው ሌላ ነበር። ዱቄቱ ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ዋጋውም ይሻላል። እውነቱን ልናገር፣ ልፈርም ብዕር ይዤ ነበር። ያስቆመኝ የእህቴ ልጅ ነው። በሞሪታኒያ፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ ጠረፍ በብዛት የሚፈጨው ሰርዲኔላ የሚባል ትንሽ ዓሣ ነው። እሱን ግን ሰው ይበላዋል። የሴኔጋል ድሃ ቤት የዕለት ምግብ ነው። ሴቶች ባሕሩ ዳር አጭሰውና አድርቀው ይሸጡታል፤ ባሕር የሌላቸው አገሮች ድረስ ይሄዳል። ፋብሪካዎቹ ሲመጡ ዓሣው ከጀልባ ወርዶ በቀጥታ ወደ ፋብሪካ በር ሆነ። ሴቶቹ በዋጋ አልቻሉም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የሚያሰባስባቸው ተመራማሪዎችም ሰርዲኔላ ከአቅሙ በላይ እየተጠመደ ነው፣ ቀንሱ ካሉ ዓመታት ሆኗቸዋል።

እኔ ከሰው ማዕድ ላይ አንሥቼ ለዶሮ ልሰጥ አልቻልኩም። አባቴን እያሰብኩ አልቻልኩም። ብዕሩን አስቀመጥኩት።

ከእናንተ አንዱ «ፔሩ እኮ ተመልሷል» ብሎኛል። ልክ ነው። በ2017 ሚያዝያ 3 ሚሊዮን ቶን እንዲጠመድ ተፈቅዷል። ነገ ግን ምን ይሆናል? ተመራማሪዎች ከባሕር ወለል ጭቃ በቱቦ ያወጣሉ። አየር የማይደርስበት ጭቃ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት ሳይበሰብስ ተነባብሮ ይቀመጣል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ያንን ቅርፊት ቆጥረው ያዩት፣ ሰው በመርከብ ማጥመድ ከመጀመሩ በፊትም ሰርዲንና የአንቾቬታ ዘመድ የሆነው አንቾቪ ሲበዙና ሲመነምኑ እንደኖሩ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ሁሉ የሰው ነው አይባልም። ነገር ግን በራሳቸው በሚመነምኑበት ዓመት እንደ ጥጋቡ ዓመት ካጠመድካቸው ውድቀቱ ይከፋል። ወፎቹም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት የ14 ዓይነት የባሕር ወፎችን የብዙ ዓመት መዝገብ አየ። ትንንሾቹ ዓሦች በደህናው ጊዜ ከነበሩት ከሲሶ በታች ሲወርዱ ወፎቹ የሚያሳድጉት ጫጩት ይቀንሳል። ሲሶውን ለወፎች ተዉ ማለት ነው። ይህችን ነገር ወድጃታለሁ።

አሁን መኖው ውስጥ ያለው ባዶ በቆሎ አይደለም። በዓሣው ፈንታ የገባው የተቆላ አኩሪ አተር ነው፤ የአገራችን ምርት ነው። ጥሬው አኩሪ አተር ዶሮ ፕሮቲኑን እንዳትፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለበት እንቆላዋለን። መቁያውን በብድር ነው የገዛሁት። ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ ብታሸቱ የሰንበት ቆሎ የሚቆላ ይመስላችኋል። ከአኩሪ አተር የሚጎድለውን፣ ሜቲዮኒን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል በግራም መዝነን እንጨምራለን። ላይሲን የሚባለው ሌላው የፕሮቲን ክፍል ግን በራሱ አለው። ዓሣው ይሰጥ የነበረውን ፎስፈረስ ዲሲፒ (ዳይካልሲየም ፎስፌት የሚባለው ማዕድን) ይተካዋል። ፕሮቲኑ እንደ ድሮው ከ16 እስከ 17 ከመቶ ነው። ዋጋው ያልወረደው ሜቲዮኒኑም ዲሲፒውም በዶላር ስለሚመጡ ነው፤ የአኩሪ አተሩም ዋጋ አልተኛም። ኪሴ የገባ ትርፍ የለም። ደብተሩ ክፍት ነው፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ።

አንድ የተገኘ ጥቅምም አለ። ቡኒ እንቁላል ከሚጥሉ ዶሮዎቻችን አንዳንዶቹ ዓሣ ሲበሉ እንቁላላቸው ዓሣ ዓሣ ይላል። ሆቴል የመለሰባችሁ ሁለት ሦስት ሰዎች ታስታውሱታላችሁ። ያ ቀርቷል።

ያልተከፈተ ኩንታል ያላችሁና አዲሱን መኖ የማትፈልጉ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልሱልኝ፤ ብራችሁን እሰጣለሁ። እንቁላል የቀነሰባችሁ የዕለት መዝገባችሁን ይዛችሁ ኑ። አብረን እናየዋለን፤ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ከቀጣዩ ኩንታል ላይ እቀንሳለሁ። የላቦራቶሪውን ውጤት በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሌላ ቤት የሄዳችሁም አላችሁ። አልተቀየምኩም። አንዳንዶቻችሁ ዕዳችሁን ሳትከፍሉ ሄዳችኋል፤ እሱንም አልጠየቅሁም፤ ከበዓል በኋላ ይደርሳል። ግን አንድ ጊዜ ኑና እጃችሁን ከረጢቱ ውስጥ ከታችሁ አሽቱት። ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ መቁያው ይሠራል። ባለቤቴ ቡና ታፈላለች፤ እኔም እዚያው ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የመኖ ቤቱ ባለቤት
ቢሾፍቱ