ስለ ግመሉ ሐሳብ

ውድ የቅስቀሳ ኮሚቴ አባላት፣

እጩአችንን ከባቲ በምናመጣው ግመል ላይ አስቀምጠን ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ እንዙር የሚለውን ሐሳብ አስቤበታለሁ። ሰው ለማየት መውጣቱ አያጠራጥርም፤ ደሴ እንኳን ለግመል ለአዲስ ባጃጅም ቆማ ታያለች። ግን ያየው ሁሉ ይመርጠናል?

እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ የአሜሪካው ፕሬዚዳንታዊ ተፎካካሪ ሮን ፖል ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው ስሙ በጎኑ የተጻፈበት ግዙፍ የአየር መርከብ ሰማይ ላይ አንሳፈፉ። መገናኛ ብዙኃን ተቀባበሉት፤ ሰውየው ግን ከሳምንታት በኋላ በአዮዋ ግዛት በተካሄደው የፓርቲው እጩ መምረጫ 10 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ አምስተኛ ወጣ። በ1997 የቅንጅት ደጋፊዎች ያነሱት ሁለት ጣት ደግሞ ሳንቲም አላስወጣም፤ ማንም በየመንገዱ ሊያሳየው ይችል ነበር።

ስለዚህ ግመሉ ይምጣ ካላችሁ አልቃወምም። ነገር ግን ጎኑ ላይ የምርጫ ምልክታችን ጎልቶ ይታይ፤ መራጩ ወረቀቱ ላይ የሚፈልገው እሱን ነውና። ሰልፉም የመራጮች ምዝገባ ሳይዘጋ ይሁን። የምዝገባ ጣቢያዎችን የሚጠቁሙ አባላት ከኋላ ይከተሉ፤ ካርድ ያላወጣ ሰው ቢያጨበጭብልን ምን ይፈይዳል? መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ግመሉ እንዳይደነብር ባለቤቱ ራሱ ይሳበው። ባቲ ዘመድ ያላችሁ በሰኞው ገበያ ዋጋ ጠይቁልን።