ለሰብልዬ፣ ከሞንፌራቶ ኮረብቶች መልስ

ሚላኖ፣ ኅዳር

ውድ ሰብልዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማማስ? ልጆቹስ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

በጣም ተጠፋፋን። በበዓል በበዓል በስልክ አበባ መላላክ እኮ መጠያየቅ አይባልም። ዛሬ እንደ ድሮው ቁጭ ብዬ ረዥም ደብዳቤ ልጽፍልሽ ነው። ሰሞኑን ሞንፌራቶ ወደሚባል አገር ደርሼ መጣሁ። እዚያ ሳለሁ አያትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሐሳቤ አልወጡም። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አገሩ ላጫውትሽ። የምጠቅስልሽ ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሲሆን የእኛ እልሻለሁ።

ሞንፌራቶ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ ውስጥ፣ ከቶሪኖ በስተ ምሥራቅ ነው። ሜዳ የለውም ማለት ይቻላል። አንዱን ኮረብታ ጨርሰሽ ስትወርጂ ሌላው ይጀምራል። ተዳፋቱ ወይን ነው፣ አናቱ ላይ መንደርና ደወል ቤት። በ2014 ዩኔስኮ ከጎረቤቶቹ ከላንጌና ከሮኤሮ ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ለዚህ ያበቃው ገበሬው ነው። በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ሲተክል፣ ሲገርዝ፣ ሲለቅም፣ ሲጠምቅ ምድሩን ራሱን ቀርጾታል። የንጉሥ ቤት ብቻ ቅርስ በሚባልበት ዓለም የገበሬ ማሳ እንዲህ ሲከበር ማየት ደስ ይላል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የወሰደው ኢንፌርኖት የሚሉት ነገር ነው። ቼላ ሞንቴ በምትባል ትንሽ መንደር አየሁት። የአንድ ቤት ምድር ቤት ገባን። ወይን የሚያስቀምጡበት የተለመደው ጓዳ ነው፤ በርሜል አለ፣ አቧራ አለ። ጥግ ላይ ጠባብ ደረጃ አለ። ጎንበስ ብለሽ ትወርጃለሽ። ታች ስትደርሺ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ክፍል ውስጥ ነሽ። መስኮት የለውም፣ ብርሃንም ነፋስም አይገባበትም። ግድግዳው ዙሪያውን በመደርደሪያ የተከበበ ነው፣ መደርደሪያውም ያው አለቱ ነው። መሐል ያለው ጠረጴዛም ከዚያው የተቀረጸ ነው፤ ከውጭ የገባ ነገር የለም። ገበሬዎቹ ብርዱ ሲገባና የእርሻ ሥራ ሲቆም ነው በእጃቸው እየፈለፈሉ የሠሩት። ቅዝቃዜውና እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ ስለማይለዋወጥ የወይን ጠጁ ጠርሙስ ሳይበላሽ ይቆያል።

ላሊበላን ያየ ሰው በፍልፍል አለት አይደነቅም ብዬ ነበር የወረድኩት። የቤቱ ባለቤት ግን፣ አንዲት ሽማግሌ ሴት፣ እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ አሳረፉት። የሆነ ነገር ጣቴን ቆረቆረኝ። በስልኬ መብራት ሳየው የባሕር ዛጎል ነው! ግማሹ ከአለቱ ወጥቷል፣ ሽንትሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አገሩ ጥንት የባሕር ወለል ነበር። ድንጋዩን ፒየትራ ዳ ካንቶኒ ይሉታል። ቢጫ ነገር ነው፣ ለመጥረብ የሚለሰልስ። መንደሩ በሙሉ የተሠራው በእሱ ነው፤ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም። ሴትዮዋ ጥሩ ጥሩውን ጠርሙስ ለሠርግና ለክርስትና እዚያ እንደሚያቆዩ ነገሩኝ።

ስለ ምግቡ ካልነገርኩሽ ትቀየሚኛለሽ። ሰብልዬ፣ እነዚህ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ! ካርኔ ክሩዳ ይባላል። የፒየሞንቴ ከብት ቀይ ሥጋ በቢላ ድቅቅ ተደርጎ ይከተፋል፤ ዘይት፣ ጨው፣ አንዳንዴም ሎሚ ጠብ ይደረግበታል፣ አለቀ። ቅቤና ሚጥሚጣ ያጣ ክትፎ በይው። በወፍጮ የተፈጨውን አይወዱም፣ በቢላ ካልሆነ ጣዕሙ ይጠፋል ይላሉ። እኔም እስማማለሁ። አኞሎቲ የሚባል ሥጋ የተሞላበት ፓስታም አላቸው። ካሊያኖ በምትባለው ከተማ የሚሞሉት በአህያ ሥጋ ስለሆነ እዚያ ስትደርሺ ቀድመሽ ጠይቂ።

በብርድ ወራት ደግሞ ባኛ ካውዳ አለ። ነጭ ሽንኩርት፣ በጨው የቆየ ትንሽ ዓሣና የወይራ ዘይት፣ በቀስታ እሳት እስኪዋሐድ ይበስላል። ነጭ ሽንኩርቱ በዋዛ አይደለም፣ ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ራስ ነው። ከሥሩ ሻማ በሚነድበት የሸክላ ዕቃ ትኩሱን ይቀርባል። ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ካርዶ የሚሉትን አትክልት እየነከርሽ ትበያለሽ። መጨረሻ ላይ የተረፈው ውስጥ እንቁላል ይሰበርበታል። ባሕር በሌለበት አገር ዓሣው ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። ጥንት ጨው የሚነግዱ ሰዎች ከሊጉሪያ ጠረፍ ተራራውን አቋርጠው ያመጡት ነበር አሉኝ። አብሮት የሚጠጣው ባርቤራ የሚሉት ቀይ የወይን ጠጅ ነው። ኮምጠጥ ይላል፣ የምግቡን ቅባት ከአፍ ያጥባል። ሌላም ሌላም ቀምሻለሁ፤ ለእኔ ግን ባርቤራን የሚያህል የለም።

አሁን ወደ አያትሽ ልምጣ።

ከሞንካልቮ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ አንድ መንደር አለ። ውብ ነው። የሞንፌራቶ የመጀመሪያው ማርኬዝ፣ የአገሩ ገዢ ማለት ነው፣ የአሌራሞ መቃብር እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በሦስት ቀን ፈረስ ጋልቦ የዞረውን ያህል መሬት ተሰጠው ተብሎ ይተረካል። የመንደሩ የድሮ ስም ግራትሳኖ ሞንፌራቶ ነበር። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ዛሬ የሚለው ግን ግራትሳኖ ባዶሊዮ ነው። አዎ፣ ያው ባዶሊዮ። ፒየትሮ ባዶሊዮ በ1871 የተወለደው እዚህ ነው።

ሰሌዳው ሥር ብዙ ቆምኩ። በእኛ አቆጣጠር በ1928 መጋቢት 22 ማይጨው፣ ከዚያ አሸንጌ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ያን ሁሉ የኢጣሊያ ጦር የመራው እሱ ነው። ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ያዘነበብን ጦር። ለድሉ የአዲስ አበባ መስፍን የሚል ማዕረግ ተሰጠው። አያትሽ ከማይጨው ሲመለሱ አሸንጌ ሐይቅ ዳር የወረደባቸውን ሲያወሩ ትዝ ይልሻል? «ዝናብ መስሎን ነበር» ይሉ ነበር። በሙቀት ቀንም ቢሆን ካልሲያቸውን አያወልቁም ነበር። አንድ ቀን እግራቸውን ስታጥቢላቸው ገብቼ ያየሁት ቆዳ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ኢትዮጵያ ባዶሊዮ ለፍርድ እንዲቀርብ ጠይቃ ነበር። አልቀረበም። በ1956 እዚያው የትውልድ መንደሩ ሞተ።

መንደሩ ውስጥ ቡና ስጠጣ አሳላፊዋን ስለ ስሙ ጠየቅኋት። በ1943 ሙሶሊኒ ሲወርድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ከጦርነቱ ያወጣን ሰው ነው አለች። ስለ ኢትዮጵያ አላነሳችም። እኔ አነሳሁላት፤ ስለ አያትሽ እግርም ነገርኳት። ጋዙን ሰምቼ አላውቅም አለች። አመንኳት። የኢጣሊያ መንግሥት ራሱ ያን ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 እኮ ነው! እስከዚያ ድረስ ሐቁን ከየመዝገቡ እየቆፈረ የሚያወጣው የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ብዙ ስድብ ጠጥቷል። እሱም የዚሁ የፒየሞንቴ ሰው ነው፣ የኖቫራ ልጅ። በስሙ የተጠራ መንደር ግን አላየሁም።

በማግስቱ ካሳሌ ሞንፌራቶ ገባሁ። ከተማዋ ውስጥ ከ1907 እስከ 1986 የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነበር። ብናኙ ሠራተኛውንም፣ ልብስ የምታጥብለትን ሚስቱንም፣ ጎረቤቱንም ጨረሰ። ሕዝቡ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። በ2016 ፋብሪካው በነበረበት መሬት ላይ መናፈሻ ከፈቱ፣ ለሞቱትም መታሰቢያ አቆሙ። ልጆች ሲጫወቱ አይቼ ሆዴ ባባ። ሐዘናቸውን መሐል ከተማ ላይ ያኖሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በመኪና ብዙም በማይርቅ መንደር የእኛ ሐዘን አንድ መስመር እንኳ አለማግኘቱ ለዚህ ነው የሚከነክነኝ። የመንደሩን ስም ቀይሩ ብል ደስ ባለኝ። እሱ ቢቀር እንኳ፣ ከስሙ ጎን ይህ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ምን እንዳደረገ የሚናገር ሰሌዳ ይቁም። ዛጎሉን ከአለት ውስጥ ሳይሰብሩ ያቆዩ ሰዎች ይህንን አያቅታቸውም።

ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። በኢጣሊያንኛ፣ በጨዋ ቃል፣ ከነቀኑና ከነቦታው። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እማማ ስለ አባታቸው የሚያስታውሱትን በስልክሽ ቅጂልኝ። የትኛው ጦር ውስጥ እንደነበሩ፣ ከማን ጋር እንደዘመቱ፣ እግራቸውን ማን እንዳከማቸው። ሲደክማቸው አቁሚ፣ ሌላ ቀን ትቀጥያለሽ። ፎቶግራፋቸው ካለም በሁለቱም በኩል አንሺው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል።

ቪዛው ከተሳካልሽ በጥቅምት ወይም በኅዳር ነይ። እስከ አስቲ በባቡር እንሄዳለን፣ ከዚያ መኪና እንከራያለን፣ ኮረብታ ለኮረብታ አውቶቡስ ብትጠብቂ ይመሽብሻል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ክሩሚሪ እልክልሻለሁ፤ የካሳሌ ብስኩት ነው፣ ለእማማ ሻይ ይሆናል።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ቅጂውን እጠብቃለሁ።

ያንቺው
ሒሩት