«ሲሊኮን ብቻ ቀቡልኝ» ለምትሉን የፒክአፕ ባለቤቶች

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንዴት ከረማችሁ? ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሱን ዝናብ በጣለ ማግስት በራችን ላይ የሚሰለፉት ፒክአፖች ናቸው። አቤቱታው ሁሌም አንድ ነው። «ከኋላ መስታወቱ ውሃ እየገባ ወንበሩን አበሰበሰብኝ።» ጥያቄውም አንድ ነው። «ትንሽ ሲሊኮን ቀቡልኝና ልሂድ።» እኛ ሲሊኮኑን ትተን የውሃ ጎማ ይዘን ስንመጣ ፊታችሁ ይቀየራል። «ሥራ ሊያበዙ ነው» ብላችሁ የምትጠረጥሩንም አላችሁ። አንፈርድባችሁም፣ ግን ምክንያታችንን ስሙን።

ውሃው መስታወቱ ስር ታየ ማለት በመስታወቱ ገባ ማለት አይደለም። የገባበት ቦታና የሚንጠባጠብበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በላሜራው የውስጥ ገጽ ላይ ይንሸራተታል፣ ከጣሪያው ጨርቅ ጀርባ ይሄዳል፣ ሽቦ ካገኘም ሽቦውን ተከትሎ ይወርዳል። በመጨረሻ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ብቅ ይላል። እዚያ አካባቢ ለዓይን የሚታየው መስታወቱ ስለሆነ ጣት የሚቀሰረው በእሱ ላይ ነው።

የእኛ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ግን ከመስታወቱ በላይ ያለችው የፍሬን መብራት ናት። ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ መሃል ለመሃል የምትበራዋ። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቪቴ ብቻ የታሰረች ናት። ከጀርባዋ ስስ የስፖንጅ ማሸጊያ አላት። ስፖንጁ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይሟሽሻል፣ ቦታውን ይለቃል። ለመብራቷ ተብሎ የተቀደደው ቀዳዳ ደግሞ በቀጥታ ወደ ጋቢናው ነው የሚገባው።

በቅርቡ የመጣችልንን አንዲት ነጭ ፒክአፕ እናንሳ። እኛ ጋ ከመድረሷ በፊት ሦስት ጊዜ ሲሊኮን ተቀብታለች። የመስታወቱ ቀኝ ጥግ ላይ ንብርብሩ በጥፍር ሲነካ እንደ ተላጠ ቆዳ ይነሳ ነበር። የኋላ ወንበሩን አጠፍን፣ የውስጥ ልባሱን ፈታን። አንዳችን ባትሪና ሶፍት ይዘን ውስጥ ተቀመጥን። ሌላችን ውጭ ሆነን፣ የመብራቷን ዙሪያ በፕላስተር ሸፍነን፣ ከመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ጀመርን። ውሃው በቀስታ ይፈሳል እንጂ አይረጭም። ታች 5 ደቂቃ። ደረቅ። ቀኝና ግራ ጎን። ደረቅ። የላይኛው ጠርዝ። አሁንም ደረቅ። ከዚያ ፕላስተሩን ላጥንና መብራቷ ላይ አፈሰስን። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከጣሪያው ጨርቅ ጀርባ አንዲት ጠብታ ወጣች። የመስታወቱን የላይኛ ጠርዝ ይዛ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ሄደች። ጥጉ ላይ ስትደርስ ጠብ አለች፤ ልክ ሲሊኮኑ ከተከመረበት ቦታ ሥር። ባለቤቱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ያይ ነበር። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልተናገረም።

ጥገናው ራሱ ብዙ አልፈጀም። መብራቷን አወረድን፣ አሮጌውን ስፖንጅ ፍቀን አጸዳን፣ አዲስ ማሸጊያ አደረግንላት፣ ቪቴዎቹን በልኩ አጠበቅን። «በልኩ» ያልነው አለምክንያት አይደለም። ፕላስቲኩ ከመጠን በላይ ከተጨነቀ ይሰነጠቅና ሌላ የውሃ መግቢያ ይከፍታል።

ለምን ከታች ጀምረን ወደ ላይ እንደምንሄድ የምትጠይቁን አላችሁ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም አርሶ ስለሚወርድ የትኛው ቦታ እንዳስገባ መለየት አይቻልም። በኃይል የሚረጭ ማጠቢያም ለዚህ ሥራ አይሆንም። በዝናብ ፈጽሞ ውሃ የማይገባበትን ማሸጊያ እንኳ አልፎ ይገባና ያሳስተናል።

መስታወታችሁ መሃሉ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። የሚንሸራተትበት የታችኛው ቦይ ውስጥ ውሃ መግባቱ ያለ ነው። ስለሆነም ወደ ውጭ የሚያፈሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተሠርተውለታል። አቧራና የቅጠል ፍርፋሪ ሲደፍናቸው ቦዩ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገነፍላል። መድኃኒቱ የሳሙና ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ ትዕግሥት ነው። በሚስማር አትጎርጉሩት፣ ጎማውን ይቀደዋል። አሁን አስቡት፤ አንድ ሰው «ውሃ ይገባል» ብሎ የመስታወቱን የታችኛ ጠርዝ ከውጭ በሲሊኮን ሲለቀልቀው የሚደፍነው እነዚህኑ ቀዳዳዎች ነው። ውሃው የሚወጣበት ተዘጋ ማለት ነው። «ከተቀባ በኋላ ባሰበት» የምትሉን ብዙዎቻችሁ ታሪካችሁ ይሄ ነው። የፕላስቲክ ፍሬሙ ራሱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን አንዋሻችሁም፣ መለወጥ ነው ያለበት። መኪናው መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ጋቢናው ስለሚጣመም የተለጠፈ ስንጥቅ ተመልሶ ይከፈታል።

በነገራችን ላይ ሲሊኮንን የምንጠላው በባዶ ሜዳ አይደለም። ለቤት ሥራ የሚሸጠውና ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ቀለሙ የተላጠ ላሜራ ካገኘ ዝገት ይጠራል። ከሁሉ የከፋው ግን ቅሪቱ ነው። ሲሊኮን ያረፈበት ቦታ ላይ ትክክለኛው የመስታወት ማጣበቂያ አይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ፍቀን መጨረስ አለብን። አንዳንዴ ፍቆ ማጽዳቱ ከጥገናው ይረዝማል፣ የምታዩት ሂሳብም የዚያ ነው።

ጥፋቱ በእርግጥ የመስታወቱ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በቆዩት መኪኖች መስታወቱ በጎማ ተይዞ ነው የሚቀመጠው። ጎማው በፀሐይ ብዛት ይደርቅና ይሸበሸባል፣ መጀመሪያ የሚከዳውም ጥጉ ላይ ነው። እሱን በአዲስ ጎማ መለወጥ ነው። በአዲሶቹ ላይ ደግሞ መስታወቱ በዩሪታን ማጣበቂያ ከላሜራው ጋር ተጣብቋል። ይህ ማጣበቂያ ከያዘ ያዘ ነው። ከለቀቀ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ዝገት አለ፣ ወይም መስታወቱ ቀድሞ ሲለወጥ ሥራው በጥድፊያ ተሠርቷል። ዝገቱ ተፍቆ ጸረ ዝገት ቀለም ሳይቀባ አዲስ ማጣበቂያ ብናደርግ የሚይዘው ዝገቱን ነው። ዝገቱ ሲነሳ አብሮት ይነሳል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። የኋላ መስታወት እንደ ፊተኛው በሁለት ንብርብር መሃል ፕላስቲክ ያለው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የጠነከረ አንድ መስታወት ነው። ከተሰበረ ወደ ብዙ ትንንሽ ፍርፋሪ ይበተናል። ስናወጣው ተጠንቅቀን ነው፣ ግን አይሰበርም ብለን አንምልም። ስለዚህ ከመንካታችን በፊት ደውለን እናስፈቅዳችኋለን።

ከተጣበቀ በኋላ መኪናውን መቼ መንዳት እንደምትችሉ በወረቀት ጽፈን እንሰጣችኋለን። እንደ ማጣበቂያው ዓይነት፣ እንደ አየሩ ሙቀትና እርጥበት ይለያያል። የመጀመሪያውን ቀን አንዱን የጎን መስኮት ጥቂት ክፈት አድርጉት። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ በር በኃይል ሲዘጋ የታፈነው አየር ገና ያልደረቀውን መስታወት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ለ2 ቀን ደግሞ በኃይል በሚረጭ ውሃ አታሳጥቡት።

የውሃው ምርመራ እኛ ጋ ግዴታ የሆነው ከራሳችን ስህተት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ሳንመረምር መስታወት ነቅለን እንደገና አጣበቅን። በሚቀጥለው ዝናብ ደንበኛችን እርጥብ ምንጣፍ ይዞ ተመለሰ። ውሃው የሚገባው ጣሪያው ላይ ካለው የላሜራ መጋጠሚያ ነበር፤ ማሸጊያው ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተከፍቷል። ገንዘቡን መለስን፣ ስንጥቁንም ያለ ክፍያ ዘጋን። ሰውየው ያን ቀን በምን ዓይን እንዳየን ግን እስካሁን አልረሳነውም።

ውሃው ከቆመ በኋላም ሥራ አለ። ምንጣፉ ላዩ ቢደርቅ አትመኑት፣ ከሥሩ ያለው ወፍራም ንጣፍ ውሃ ይዞ ይቆያል። በመዳፋችሁ ጫን በሉት፤ እጃችሁ ከረጠበ መነሳት አለበት። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ በውስጥ በኩል ጉም ከለበሰ፣ ወይም በር ስትከፍቱ ሻጋታ ሻጋታ ከሸተታችሁ እዚያ ውሃ አለ። በአንዳንድ መኪኖች ወንበር ሥር የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ስላሉ ነገሩ ከሽታ ያልፋል።

እስክትመጡ ድረስ ቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ። የፍሬን መብራቷን ዙሪያ በደንብ አድርቁና ብርሃን በሚያሳልፍ ሰፊ ስኮች ጠርዟን ብቻ ሸፍኑ። መብራቱን እንዳትጋርዱ፣ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ማየት አለበት። ከዚያ ዝናብ ጠብቁ። ውስጡ ደረቅ ሆኖ ካደረ ለእኛ ይህን ብቻ ንገሩን፤ ግማሹን ሥራ ሠራችሁልን።

ስትመጡ ደግሞ እባካችሁ መኪናውን አሳጥባችሁ አትምጡ። ውሃ በአቧራ ላይ ሲሄድ መስመር ይተዋል። ያን መስመር ካገኘን የውሃ ጎማውን ከየት እንደምንጀምር እናውቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሠራተኞች