ያ ሰማያዊ ደብተር አንቺ ዘንድ አለ?

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ እትዬስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ቢያማትም ቅዳሴ አታስታጉልም። ስላንቺ ትጠይቀኛለች፤ «ያቺ ሽሮዬን የምትወደው ልጅ ስንት ወለደች?» ትለኛለች።

ሐዋሳ ከገባሽ ወዲህ ሁለታችንም ዝም አልን። ጠብ የለ፣ ቅያሜ የለ። አንቺ አራስ ነበርሽ፣ እኔ ከሳይት ሳይት ስዞር አንዱ ክረምት ሌላውን እየተካ ዓመታት ሄዱ። ሐይቁን ባሰብኩ ቁጥር ግን ትዝ ትይኛለሽ። መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ዳር የምትኖር የውሃ መሐንዲስ እንዴት ዓይኗን ከውሃው ልክ ላይ ታነሳለች እላለሁ።

እኔ አሁንም አብረን በተቀጠርንበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚወጣልን ደግሞ ሌሊት ነው፣ ስለዚህ የቧንቧውን ድምፅ ስሰማ ተነስቼ ጀሪካን እሞላለሁ። ጎረቤቶቼ የት እንደምሠራ ስለሚያውቁ ደረጃ ላይ ያስቆሙኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። የለገዳዲ ውሃ ከከፍታ በራሱ ክብደት ወደ ከተማው ይወርዳል፤ የአቃቂ ጉድጓዶች ግን ዝቅ ያለው ሜዳ ላይ ስለሆኑ ውሃቸው ሽቅብ መገፋት አለበት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 200 ሜትር ለማንሳት፣ ፓምፑ ከሚያባክነው ጋር፣ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። መብራት ሄደ ማለት ውሃ ሄደ ማለት ነው። መብራቱ ሲመለስም ባዶው መስመር እስኪሞላና አየሩ እስኪወጣ ሰዓታት ይወስዳል፤ ቫልቭ በችኮላ የተከፈተ እንደሆነ ደግሞ ቱቦው ይፈነዳል። ይህን በትዕግስት ሳስረዳቸው ይሰሙኛል፣ እመኚኝ።

የጻፍኩልሽ ግን ስለዚያ ትንሽ ወንዝ ነው። ከኮዬ ፈጬ መለስ ብሎ፣ ተቀጥረን ገና ዓመት ሳይሞላን በከረንት ሜትር፣ በውሃ ፍጥነት መለኪያው፣ የለካነው። ያኔ ግራ ቀኙ ጤፍና ሽምብራ ነበር። አሁን ከዳር እስከ ዳር ኮንዶሚኒየም፣ አስፋልትና የቆርቆሮ ጣሪያ ሆኗል። መረሬ አፈሩን ታስታውሽዋለሽ፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሰኔን ዝናብ ያ ስንጥቅ ይጠጣው ነበር። አፈሩ ጠግቦ ሲያብጥና ስንጥቁ ሲደፈን፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነበር ወንዙ የሚሞላው። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ከዳርቻው የሚያርቁትም ያኔ ነበር። ዛሬ የመጀመሪያው የሰኔ ዶፍ ሲወርድ ወንዙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞላል። ወቅቱ ራሱ ነው የተለወጠው። የጎርፍ መጠን ጨመረ ሲሉ እሰማለሁ፣ ልክ ነው፤ ሰኔ ጎርፍ የማይፈራበት ወር መሆኑ መቅረቱን ግን ማንም አያነሳውም።

ሒሳቡን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያስደነገጠኝ ስለሆነ ግን ልድገመው። 50 ሄክታር ላይ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድና ከዝናቡ 0.3 እጁ ብቻ ሳይሰርግ ቢፈስ በሰከንድ 2.5 ሜትር ኩብ ነው። መሬቱ ጣሪያና አስፋልት ሆኖ 0.8 እጁ ሲፈስ 6.7 ይገባል። ውሃው በፍጥነት ስለሚሰበሰብ የምንወስደው የዝናብ ኃይልም ከ60 ከፍ ማለት አለበት፣ ስለዚህ 6.7 ራሱ ያንሳል። በመንገዱ ስር ያለው ቱቦ ግን ለጤፍ ማሳ የተቀበረው ነው። ፕላስቲክና ቆሻሻ ግማሹን ሲደፍነው ምን እንደሚሆን አልነግርሽም።

ባለፈው ክረምት ውሃው ታች ያሉ ቤቶች ገባ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ ምጣዳቸው፣ ዱቄታቸው፣ የቡሄ ዕቃ ሳይቀር ጭቃ ውስጥ ሆነ። ጠዋት ስደርስ ሊጡን በአካፋ ያወጡ ነበር። ከግድግዳቸው ላይ የውሃውን ምልክት በሜትር ስለካ ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይህ መለካት ለከርሞ ይጠቅመናል?» አሉኝ። ይጠቅማል አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት፣ አሁንም ቃሌን ልጠብቅ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ።

አሁን ለወንዙ ዳርቻ ዲዛይን እየተዘጋጀ ነው፤ እኔም ከሚገመግሙት ባለሙያዎች አንዷ ነኝ። የቀረበው ሪፖርት ላይ ከዚያ ወንዝ የተለካ አንድም ቁጥር የለም፤ ሁሉም ከሠንጠረዥ የተወሰደ ነው። ቀመሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እኛም የተማርነው ነው። ግን ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «መስመሩን ሁለት ሜትር ወደ ወንዙ እንግፋው፣ መሬቱ ውድ ነው» ሲል በምን ላስቆመው? ለወንዙ መተው ያለበትን ስፋት የምከራከርለት በተለካ ነገር ነው። አለዚያ ድምፁ የጎላው ሰው ያሸንፋል፣ ወንዙም ከርሞ መጥቶ መሬቱን ራሱ ያስመልሳል። ደግሞ የዳር አፈር እየተናደ የሚሄደው ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ነው። ያ ግድብ በደለልና በእምቦጭ ምን እንደሆነ አብረን አይተናል።

ያኔ የለካነው መዝገብ የቢሮው ኮፒ ዕቃ ሲዛወር ጠፍቷል፤ መጋዘን ገብቼ ፈልጌ አጣሁት። በእጅሽ የጻፍሽበት ሰማያዊ ደብተር ግን አንቺ ዘንድ መሆን አለበት። እኔ ጭኔ ድረስ ገብቼ በየሜትሩ የማሽከርከሪያውን ዙር እየቆጠርኩ ስጮህ አንቺ ዳር ቆመሽ የመዘገብሽው። ዛሬ የሚፈሰውን ወንዝ ነገም ቢሆን ወርጄ እለካዋለሁ። ኮንዶሚኒየም ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ግን ማንም፣ በምንም መሣሪያ፣ ሊለካው አይችልም። ያ ያለው በእርሳስ በጻፍሽው ብቻ ነው።

ከሁሉም የምፈልገው አንድ ገጽ አለ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሾላው ግንድ ላይ «ውሃ እዚህ ደርሶ ነበር» ብለው ያሳዩንን ምልክት በሌቭል፣ በከፍታ መለኪያው፣ ይዘነው ነበር። ሾላው ተቆርጧል፣ የነጥቡ ከፍታ ግን ደብተሩ ላይ አለ። መነሻ ያደረግነው የድልድዩ ክንፍ ላይ ያለው ቀይ ቀለምም አልጠፋም፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። የወንዙን ከፍታ የሚመዘግበው ሰው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ብቻ ነበር የሚያነበው፤ የከሰዓት ጎርፍ በመሀል ሾልኮ ያልፍ ነበር። ስለዚህ የሽማግሌው ምልክት ከመዝገቡ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ስትሄጂ «ደሞዙ ለቤት ኪራይ አይበቃ፣ ምን ይዞሽ ነው?» ብለሽኝ ነበር፣ አልመለስኩልሽም። የያዘኝ ይህ ነው። ሪባን የሚቆርጡት ሄደው፣ ኮንትራክተሩም ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ወንዙ ዘንድ የሚቀር ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ መቅረት እወዳለሁ።

ደብተሩን ካገኘሽው ገጾቹን ሁሉ፣ ዳር ላይ የሞነጫጨርሽውንም ጭምር፣ በስልክ አንስተሽ ላኪልኝ። እርሳሱ የደበዘዘባቸውን በቀን ብርሃን፣ ገጹን ትንሽ አዘንብለሽ አንሻቸው። ዋናውን ለምታምኚው ሰው ስጪልኝ፣ መናኸሪያ ሄጄ እቀበለዋለሁ። ግምገማው ከጥምቀት በኋላ ነው። ለበዓሉ ብትመጡ ደግሞ ቤቴ ሁላችሁንም ይበቃል፤ እናቴም ሽሮውን ትሠራለች፣ አንቺና እኔም ወርደን የድልድዩን ከፍታ እንደገና እንይዘዋለን።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ