ካሳው ከስሞታው በኋላ፣ መሳሳሙ ከካሳው በኋላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጣና ዳር ሽምግልና በምስጋና መጻፋችሁ ተገቢ ነው። አንድ ነገር ግን ይታለፋል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ ሽማግሌው ሁሉ ወደ ተበዳይ ዞሮ «ለእግዜር ብለህ ይቅር በለው» ይላል። የተቆረጠው መረብ ወይም ከብት የበላው ሰብል ዋጋ ከተሳሳሙ በኋላ ይነሳል፤ አንዳንዴም ጭራሹን ሳይነሳ ይቀራል። ቂም የሚያገረሸው ከዚህ ነው።

የአይሁድ ሕግ ቅደም ተከተሉን ለይቶ አስቀምጧል። የማስተስረያ ቀን ሰው በፈጣሪው ላይ የሠራውን ያስተሰርያል፤ በባልንጀራው ላይ የሠራውን ግን የባልንጀራውን ልብ እስኪያበርድ ድረስ አያስተሰርይም ይላል ሚሽና፣ የአይሁድ ረቢዎች የቃል ሕግ ስብስብ። (በደምቢያ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም ሚሽናን የሚያብራራው የረቢዎች መጽሐፍ ታልሙድ ሳይደርሳቸው ይህን ቀን «አስተስርዮ» ብለው ይጾሙት ነበር።) ሰው ያቆሰለ አምስት ነገር ይከፍላል፦ የጉዳቱን፣ የሕመሙን፣ የሕክምናውን፣ ሥራ የፈታበትን፣ የውርደቱን። ከፍሎም አልጨረሰም፤ ሄዶ ይቅርታ መለመን አለበት። ተበዳይም፣ አብርሃም ሚስቱን ወስዶበት ለነበረው ለአቢሜሌክ እንደጸለየ ሁሉ፣ ልቡን አያደነድንም።

በዳይ እምቢ ቢባል ሦስት ሰው ይዞ ይመለሳል፤ እስከ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ይተወዋል፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሕጉን ያጠናቀረው ማይሞኒደስ ያኔ ኃጢአቱ የእምቢተኛው ነው ይላል። ተበዳይ ቀድሞ ከሞተ በዳይ ዐሥር ሰው ይዞ መቃብሩ ዘንድ በደሉን ይናገራል፣ ዕዳውንም ለወራሾች ይሰጣል። እኛ ዘንድ «ሞተ፣ ምን ይደረግ» ተብሎ የተዳፈነ የብድር ጉዳይ ስንት ነው?

ስም ማጥፋት ላይ ሕጉ ይጠነክራል፦ ስሙ የጠፋበት ሰው ይቅር የማለት ግዴታ የለበትም። ሐሜቱን የሰማ ሁሉ ማስተባበያውን አይሰማምና። በፌስቡክ ዘመን ይህ ድንጋጌ ትክክል ይመስለኛል።

ቂምን በተመለከተ ታልሙድ ምሳሌ አለው። ማጭድ ለምኖ የተከለከለ ሰው በማግስቱ መጥረቢያ ሲለመን «አንተም አልሰጠኸኝም» ካለ ተበቀለ። «እንካ፣ እኔ እንዳንተ አይደለሁም» ካለ ደግሞ መጥረቢያውን ሰጥቶም ቂም ያዘ። ዘሌዋውያን 19 ሁለቱንም ይከለክላል፤ ከዚያው በፊት ግን «ባልንጀራህን ገሥጸው» ይላል። ስለዚህ ተበዳይ ዝም ብሎ አይብሰለሰልም። ለብቻ ወስዶ፣ ረጋ ብሎ «ለምን እንዲህ አደረግህብኝ?» ብሎ ይጠይቃል። የኛ ሽምግልና ይህን እርምጃ ይዘልላል፤ ተበዳይ አፍ አውጥቶ ሳይናገር ነው «በቃ፣ ተወው» የሚባለው።

ሽማግሌዎቻችን ተበዳዩ ብሶቱን እስኪጨርስ ቢያዳምጡ፣ የካሳውን መጠንና የመክፈያውን ቀን በወረቀት አስፍረው ዋስ ቢያስጠሩ፣ ይቅርታውን የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ ቢያስጠይቁ ምን ይከብዳል? በዚህ ላይ የሽማግሌዎችን አስተያየት ብታወጡልን።

አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር