36 ሰው አንዲት ኳስ ላይ፦ ከሜልቦርን ለአባባ

ሜልቦርን፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማማስ? ጉልበቷ ተሻላት ወይ? ጾሙስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ናቲ ቁመቱ ትከሻዬን አልፏል። እዚህ በጋው እየወጣ ነው፤ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይላል። የአውስትራሊያ ፉትቦል የሚሉት የኳስ ውድድርም ተጀምሯል።

ባለፈው ናቲ የላከልዎትን ቪዲዮ አይተው "ይሄ ሁሉ ሰው ኳሷ ላይ ምን ያተራምሰዋል? ዳኛ የለም እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። በስልክ ላስረዳዎት ስጀምር መስመሩ ተቆራረጠ። ዕድሜዎን ሙሉ ስፖርት ላስተማሩ ሰው በሁለት ቃል የሚመለስ ጥያቄ አይደለምና አረፍ ብዬ ልጻፍልዎ። ደግሞም እርስዎ የጠየቁኝ ነገር እዚህ አገር ቡና ላይም ሥራ ቦታም ሰው የሚከራከርበት ነው። እኔም ራሴ በጣም ይከነክነኛል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ።

መጀመሪያ ጨዋታው እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ሜዳው እንደኛ አራት ማዕዘን አይደለም፤ ሞላላ ነው። ኳሷም ሞላላ ናት። ትልቁ ሜዳ፣ የሜልቦርን ክሪኬት ግራውንድ፣ ከጎል እስከ ጎል 160 ሜትር ግድም ይሆናል። በሁለቱም ዳር አራት አራት ቋሚ ተተክሏል። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሀል በእግር ተመትታ ያለፈች ኳስ 6 ነጥብ ናት፤ በጎን ያለፈች ደግሞ 1። ኳሷን ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ በእጅ መወርወር ግን ክልክል ነው። በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ጡጫ ነው የሚያቀብሏት። ቢያንስ 15 ሜትር ተመትታ የመጣችውን ኳስ መሬት ሳትነካ የቀለበ ሰው ደግሞ ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ የመምታት መብት አለው። ከየቡድኑ 18 ሰው ይሰለፋል፤ በድምሩ 36።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ ይበሉልኝ። "ከጨዋታ ውጪ" የሚባል ሕግ የለም። ማንም ሰው የትም መቆም ይችላል። የመጀመሪያው ሕግ እዚሁ ሜልቦርን በ1859 ሲጻፍም አልነበረበትም።

ለረጅም ዘመን ይሄ ብዙ ችግር አላመጣም። ተከላካዩ ከአጥቂው ጎን ቦታውን ይዞ ይቆማል፤ ኳሷ ስትመጣ ይፋለማሉ። ያን ሁሉ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ለመሮጥ ትንፋሽ ያለው ጥቂት ሰው ነበርና ቦታ መልቀቅ አያዋጣም። ትንፋሹን ያመጣው ቅያሪው ነው። እዚህ ከሜዳ የወጣ ሰው ተመልሶ መግባት ይችላል። በ1978 ሲጀመር ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሁለት ነበሩ፤ በ1998 አራት ሆኑ። አሰልጣኞቹ ነገሩ ገባቸው። ልጁ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ጉድ ይሮጣል፣ ይወጣል፣ ውኃውን ይጠጣል፣ ይመለሳል። በ2013 አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ 130 ጊዜ ያህል ይቀይር ነበር። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ሰው ኳሷ ያለችበት ይደርሳል ማለት ነው። የደረሰም ሰው አይመለስም።

ከላይ ከተመልካች ወንበር ሆነው ሲያዩት ነገሩ ቁልጭ ይላል። ኳሷ ሰው ሥር ትቀበራለች። ፊሽካ ይነፋል። ዳኛው ኳሷን ከሰዎቹ መሀል ጎትቶ ያወጣና እንደገና ወደ ላይ ሊያነሳት ይዘጋጃል። እስከ አምና ድረስ፣ ኳሷን ዘለው የሚሻሙት ከየቡድኑ አንድ አንድ ረጃጅም ተፋላሚዎች ተለይተው እስኪመጡ ይጠብቅ ነበር። በዚያች ጊዜ ከወዲያኛው ጎል የነበረው ተከላካይ ሳይቀር እየሮጠ ይደርሳል። ኳሷ ስትነሳ ዙሪያዋ ላይ ንብ የሰፈረ ነው የሚመስለው። ያኔ ዓይንዎን ወደ ሌላው ወገን ቢያዞሩ ግማሹ ሜዳ ባዶ ሳር ነው። ኳሷን ያገኘው ሰው ተጣድፎ ይመታታል፣ ሌላ ሰው ላይ ትነጥራለች፣ ይይዙታል፣ ፊሽካ። እንደገና እንደዚያው። ቪዲዮው ላይ ያዩት ይሄንን ነው።

ጎሉም ቀነሰ። በ1982 አንድ ቡድን በአማካይ ከ110 ነጥብ በላይ ያገባ ነበር። በ2019 ወደ 80 ወርዶ ነበር፤ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

ታዲያ አሰልጣኞቹን አልፈርድባቸውም አባባ። የ2005ቱን ታሪክ ልንገርዎና ይፍረዱ። የሲድኒ ስዋንስ በመከላከልና በጥርቅም፣ ማለትም ሰው ኳሷ ላይ በማከማቸት፣ የታወቀ ቡድን ነበር። የሊጉ፣ የኤኤፍኤል፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ አንድሩ ዴሜትሪዩ በዓመቱ መሀል አጨዋወታቸውን በይፋ ነቀፈው። እነሱም ምንም አልቀየሩ። በዚያው ዓመት ለዋንጫ ደርሰው ዌስት ኮስትን 58 ለ 54 ረቱ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ኳሷ ወደ ጎላቸው ተመትታ ስትመጣ ሊዮ ባሪ የሚባል ተከላካይ ከዚያ ሁሉ ሰው በላይ ዘሎ ቀለባት። ክለቡ ከ1933 ወዲህ ዋንጫ አይቶ አያውቅም፤ 72 ዓመት። እንዲህ ያሸነፈን አሰልጣኝ ማን "ለተመልካች ውበት ስትል ተጫዋቾችህን በትን" ይለዋል? የሚቀጠረውም የሚባረረውም በውጤት ነው። ስለዚህ ነገሩን ማስተካከል የሚችለው ሕጉ ብቻ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። እንዲያውም ይሄ ነገር የቆየ ነው። በ1973 ሜዳው መሀል ላይ ሰው የማይገባበት ክልል አሰመሩ፤ በ1975 ደግሞ አራት ማዕዘን አደረጉት። ጨዋታው ከመሀል ሲጀመር ከየቡድኑ ከአራት ሰው በላይ እዚያ ውስጥ መሆን አይችልም። እስካሁንም ይሠራል። ቀጥሎ ወደ ቅያሪው መጡ። በ2014 ቅያሪው በጨዋታ 120 ተብሎ ተገደበ፣ በ2016 ወደ 90 ወረደ፣ በ2021 ወደ 75። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰው ይድከም፣ የደከመ ሰው ሁሉም ቦታ አይደርስም።

በ2019 "ስድስት ስድስት ስድስት" የሚሉት መጣ። ከመሀል ሲጀመር እያንዳንዱ ቡድን 6 ሰው ከፊት፣ 6 መሀል፣ 6 ከኋላ ማስቆም አለበት። ብዙ ተወርቶለት ነበር። እውነቱን ልንገርዎና ከመሀል ለሚጀመረው ኳስ ጥሩ ነው፤ ጎል በተቆጠረ ቁጥር ጨዋታው ተከፍቶ ይጀመራል። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ ሲቀረው የሚመራው ቡድን ሰው ሁሉ ጎሉ ላይ መከመር አይችልም፤ ልብ ሰቃይ የሚያደርገውም ይሄ ነው። ግን ኳሷ ከተነሳች በኋላ ሁሉም ወደፈለገበት ግልብጥ ይላል። ደንቡ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ጎል የቀነሰበት ያ የ2019 ዓመትም ይሄ ሕግ የገባበት ዓመት ነው።

የ2021ዱን ግን በጣም ነው የምወደው። አንድ ሰው ኳስ ቀልቦ ሊመታ ሲዘጋጅ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ተከላካይ ወዲህ ወዲያ እያለ መንገድ ይዘጋበት ነበር። አሁን ዳኛው "ስታንድ!" ብሎ ይጮሃል። ተከላካዩ እንደቆመ ይቀራል፤ ከተነቃነቀ የ50 ሜትር ቅጣት ነው፤ መቺው ያን ያህል ወደ ጎሉ ይጠጋል። ቴሌቪዥን ላይ የዳኛው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ናቲም ሳሎን ውስጥ አብሮ ይጮሃል። ጥቅሙን ያስቡት። መቺው ቀጥታ ብቻ ሳይሆን ሰያፍ ወደ ሜዳው መሀል መምታት ይችላል። መሀሉ ሲከፈት የተከማቸው ሰው ለመከላከል መበተን ግድ ይሆንበታል። ማንም "ሂድና እዚያ ቁም" ሳይለው በራሱ ይበተናል።

ልነግርዎት የፈለግሁትም ይሄንኑ ነው። ሰውን የት እንደሚቆም የሚነግር ሕግ ዕድሜው አጭር ነው። መከማቸት እንዳያዋጣ የሚያደርግ ሕግ ግን ጨዋታውን ሙሉ ይሠራል።

ዘንድሮ በ2026 ደግሞ ብዙ ነገር ባንዴ ቀየሩ። ዳኛው ከመሀል ሲያስጀምር ኳሷን መሬት ላይ በኃይል አንጥሮ የሚያስነሳት የጥንት ልማድ ነበር። ያ ቀርቶ ወደ ላይ መወርወር ሆነ። ሽማግሌዎቹ አዝነዋል፤ ይገባኛል። ሜዳ ላይ ጨዋታ ሲቆምም ዳኛው ረጃጅሞቹ እስኪለዩ መጠበቁ ቀርቷል፤ ቶሎ ያነሳታል። ቅድም ያልኩዎት ከወዲያኛው ጎል የሚመጣው ሰው መድረሻ ጊዜ አያገኝም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዳር መስመሩ ነው። ድሮ ኳስ ስትወጣ የመስመር ዳኛው ለሜዳው ጀርባውን ይሰጥና በራሱ ላይ ወደ ኋላ አሽቀንጥሮ ይወረውራታል። እስኪወረውር ሠላሳ ስድስቱም ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። አሁን ከየጎሉ 50 ሜትር ርቀት ላይ በተሰመሩት ሁለት ቅስቶች መሀል አንድ ሰው በእግሩ ወይም በጡጫው መቷት ማንም ሳይነካት ከወጣች፣ ለተጋጣሚው ትሰጣለች። ይሄ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የሳውዝ አውስትራሊያ ሊግ በ2016 ነው የጀመረው፣ የሴቶቹም ሊግ ተጠቅሞበታል። ሴቶቹ ደግሞ 16 ለ 16 ነው የሚጫወቱት።

ያልገባኝ ነገር ቢኖር የወንበሩ ጉዳይ ነው። ዘንድሮ አንዴ ብቻ የሚገባውን ተጠባባቂ አስቀርተው እየወጡ እየገቡ የሚቀያየሩትን አምስት አደረጓቸው። ተጫዋቾችን ከጉዳት ለማዳን ነው ይላሉ፤ መልካም። ነገር ግን ሰው ደክሞ ሜዳው ይከፈት ተብሎ ስንት ዓመት ቅያሪ ሲቆረጥ ኖሮ፣ አሁን ወንበሩን ማስፋት የተሠራውን ማፍረስ ይመስለኛል።

እኔ ብጠየቅ ከየቡድኑ ሁለት ሰው እቀንስ ነበር። ይሄም ተሞክሯል። የቪክቶሪያ ፉትቦል አሶሲዬሽን ከ1959 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል 16 ለ 16 አጫውቷል፤ የቀሩት ሁለቱ የክንፍ ተጫዋቾች ናቸው። ልጆቹንም ይዩ። ናቲ ትንሽ ሳለ ሜዳው ጠቦ፣ ቁጥሩም አንሶ፣ ክንዳቸው ላይ የቀለም ጨርቅ አስረው በሦስት ቀጠና ነበር የሚጫወቱት። ቀይ ያሰረ ከቀጠናው አይወጣም። መጀመሪያ ናቲ ኳሷ ስትርቀው እግሩን እየወዘወዘ ያለቅስ ነበር። በኋላ ግን ባዶ ቦታ ፈልጎ ቆሞ እጁን አውጥቶ መጣራት ለመደ። ኳስ መንካት ያልቻለች አንዲት ደቃቃ ልጅም እዚያ ቀጠና ውስጥ ተራዋ ደረሳት። እናቷ ከጎኔ ቆማ እንዴት እንደጮኸች!

የምጨነቀው ለዚህ ነው። ባዶ ቦታ ሲኖር ሁሉም ዓይነት ሰው ይጫወታል። ቻንግኩዎት ጂያት የሚባል፣ ለሆውቶርን ክለብ ሲጫወት የኖረ ተከላካይ አለ። ከደቡብ ሱዳን ወላጆች እኛው አገር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የተወለደው። ከኋላ ኳሷን ይዞ ተነስቶ ሜዳውን ሰንጥቆ ሲሮጥ ቢያዩት ከወንበርዎ ይነሳሉ። ያ ሩጫ ጥርቅም ውስጥ አይታይም።

ያም ሆኖ ጥርቅሙ ሁሉ አስቀያሚ ነው አልልም። የሰፈራችን ክለብ ዌስተርን ቡልዶግስ ነው፤ ድሮ ስሙም ፉትስክሬይ ነበር። በ2016 ከሰባተኛ ደረጃ ተነስቶ ሲድኒን 89 ለ 67 አሸንፎ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። እነዚያ ልጆች በእጅ እየተቀባበሉ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ኳሷን ይዘው ሲወጡ ዕንባ ያስመጣል። ከጥርቅም መውጣት ጥበብ ነው። መውጫ ከሌለው ግን ጥበቡም አይታይም።

እንግዲህ እርስዎ ይንገሩኝ። ብዙ ዓመት ዳኝተዋል፣ ያስተማሯቸውም ልጆች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ኳስ ላይ የሚከመሩትን ልጆች በምን ይበትኗቸው ነበር? ቁጥር በመቀነስ ነው ሜዳ በማስፋት? ከዳኝነት አንጻር ደግሞ ባንድ ዓመት ይሄን ያህል ሕግ ሲቀየር ዳኛው ይችለዋል? ይጻፉልኝ፤ ናቲ መልሱን ለአሰልጣኙ ሊያነብለት ይፈልጋል።

ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። የእማማን የጉልበት ቅባትና ለእርስዎ ሹራብ ልኬያለሁ። ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ለእትዬም ስደውል ስልኳ አይነሳም፤ ደህና መሆኗን ላኩብኝ።

ናፋቂ ልጅዎ፣
ሰናይት