የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ማንም የማይቀመጥበት በርጩማ

የዘንድሮው ሥራችን የጀመረው ከእቴጌ ጣይቱ ነው። ጥቅምት ላይ የመቀሌን ምሽግ ከበባ እያነበብን ነበር። እቴጌ ምንጩን እንዴት እንዳስያዙ ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል። አንዲት የ9ኛ ክፍል አባል ግን «በሌላ አገርስ ምሽግ ያስከበበች ሴት አለች?» አለች። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር ከረምን፤ ከያአ አሳንቴዋ ጋር።

ያአ አሳንቴዋ በዛሬዋ ጋና፣ በአሻንቲ መንግሥት፣ የኤጂሱ ንግሥተ እናት ነበሩ። ልጆቹ «እቴጌ ማለት ነው» ብለው ነበር። አይደለም። በአሻንቲ ንግሥተ እናት የገዢው ሚስት አይደለችም፤ ገዢ ሲጓደል ተተኪውን የምታጨው እሷ ናት።

ግድግዳው ላይ ባለ ሁለት መስመር የዘመን ሰንጠረዥ ለጠፍን። ላይኛው ኢትዮጵያ፣ ታችኛው አሻንቲ። ጃንዋሪ 1896 ላይ ሁለቱ ተገጣጠሙ። ጣሊያን የመቀሌን ምሽግ በለቀቀበት በዚያው ወር፣ እንግሊዞች ኩማሲ ገብተው ንጉሥ ፕሬምፔን ከነእናታቸው ይዘው ወሰዱ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ማርች 28 ቀን 1900 የእንግሊዙ አገረ ገዢ ፍሬድሪክ ሆጅሰን አለቆቹን ኩማሲ ላይ ሰብስቦ የወርቁን በርጩማ ጠየቀ። ሊቀመጥበት ነው የፈለገው። «ዙፋን» እንበለው ወይስ «በርጩማ» ብለን አንድ ሙሉ ስብሰባ ተከራክረናል። ዙፋን ላይ ንጉሥ ይቀመጣል። በዚህኛው ላይ ግን ንጉሡም አይቀመጡም። አሻንቲዎች የሕዝቡ ነፍስ ያለችው እሱ ውስጥ ነው ብለው ያምናሉ፤ መሬትም አያስነኩትም። ልጆቹ ከካርቶን ሠርተው ወርቃማ ቀለም ቀቡት። ለልምምድ እንኳ ሲያመጡት ነጠላ አንጥፈው ነበር የሚያስቀምጡት። እኔ አላዘዝኳቸውም።

አለቆቹ ሲያመነቱ ያአ አሳንቴዋ ተነሡ። «ወንዶቹ ካልዘመታችሁ እኛ ሴቶቹ እንዘምታለን» ማለታቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። ዕድሜያቸው ወደ 60 ግድም ነበር። የኩማሲ ምሽግ ተከበበ። ሆጅሰን ስንቅ ሲያልቅበት፣ በጁን መጨረሻ ከበባውን ጥሶ አመለጠ። በኋላ ግን የእንግሊዝ ጦር በረታ፤ ያአ አሳንቴዋም ተይዘው ወደ ሲሸልስ ተጋዙ። በ1921 እዚያው በግዞት አረፉ።

እዚህ ላይ ልጆቹን ከፋቸው። «ታዲያ ተሸነፉ አይደል?» አለኝ አንዱ። ዓድዋን እየሰማ ያደገ ልጅ ነው፤ አልፈርድበትም። አሻንቲ በ1902 በይፋ ወደ እንግሊዝ ግዛት ተጠቃሏል፤ ይህን መሸፋፈን አልፈለግሁም። «አዎ፣ ጦርነቱን ተሸንፈዋል» አልኩት። ልቤ ግን ሳምንቱን ሙሉ አላረፈም።

በሚቀጥለው አርብ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ሮጦ መጣ። «ቲቸር፣ በርጩማውን እኮ አላገኙትም!»

እውነቱን ነው። አሻንቲዎች ቀብረው ደብቀውት ነበር። በ1920 መንገድ የሚሠሩ ሰዎች እስኪደርሱበት ድረስ ሆጅሰንም ሆነ ሌላ እንግሊዛዊ አልነካውም። ፕሬምፔም በ1924 ከግዞት ተመለሱ፤ ቆይቶም የያአ አሳንቴዋ አፅም ለአገሩ አፈር በቃ።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ታሪኩን በድራማ አቀረብን። ሆጅሰንን የሚጫወት ጠፍቶ ነበር። በመጨረሻ እሺ ያለው ያው ጠያቂው ልጅ ነው።

የካርቶኑ በርጩማ አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነጠላ ተነጥፎለት ተቀምጧል። ልጆቹ ከጎኑ በእጃቸው ጽፈው ለጥፈዋል፦ «ስታጸዱ እባካችሁ መሬት አታስነኩት።»